ቤዝ ጊታርን ዝቅ አድርጎ መቃኘት፦ ብረቱ ወደ ድምፁ ሲወርድ

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ ሬዲዮ ዝግጅት ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቤዝ ጊታር ልጽፍ ተነስቻለሁ። ጋዜጠኝነትና ቤዝ ጊታርን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ጽሑፍ መጻፍ እንማራለን። እኔ ደግሞ በእረፍት ቀናት ከሚሴ ላይ ከአንድ የሰርግ ባንድ ጋር ቤዝ እጫወታለሁ። ስለማላውቀው ነገር ከመፈላሰፍ በእጄ የያዝኩትን ባስረዳ ይሻላል ብዬ ነው።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ቤዝን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ቁልፍ ማላላት ብቻ አይደለም። ክሩ ሲላላ የመሣሪያው አንገት፣ የክሩ ከፍታና የክሩ ርዝመት አብረው ይናጋሉ። እነሱን በቅደም ተከተል ያላስተካከለ ሰው መሣሪያው ዝዝ ይልበታል፣ ቅኝቱ ይዛባበታል፣ በመጨረሻም ጥፋቱ በዘፋኙ ላይ ይለጠፋል።

ለምን ዝቅ ማድረግ አስፈለገ?

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ እንግዳ አያጣትም፤ ሰርጓም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘፈናል። በዚሁ ዞን ውስጥ ደግሞ ባቲ አለች። በሰኞ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው የሚገናኙባት፣ ስሟንም ለአንድ ቅኝት ያዋሰች ከተማ። በሀገራችን ሙዚቃ ዘወትር ስማቸው ከሚነሳው አራት ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። እንግዲህ በዚህ አገር ሰርግ ተጫውቶ ባቲን ሳይነካ ከመድረክ የሚወርድ ባንድ ብዙም አይገኝም።

በእኛ ባንድ ባቲን የሚዘፍኑት እናት ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባንዱ ባቲን የሚጫወተው ከኢ ድምፅ ተነስቶ ነበር። ለምን ከኢ? የእሳቸው ጉሮሮ ስለሚስማማው አይደለም። የቤዙ ወፍራም ክር ባዶውን ሲመታ ኢ ስለሚል፣ ባንዱም ከዚያ ስለለመደ ብቻ ነው። እትዬ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስንኝ በእጃቸው ምልክት ለአጃቢዎቹ ይሰጣሉ። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ከባንዱ ሰዎች አንዳንዶቹ የእሳቸውን ዘፈኖች ከዝርዝሩ እናውጣ ማለት ጀመሩ። የሚገርመው ግን ክራር መቺው ብቻውን ሲያጅባቸው ምንም አይሆኑም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ክራሩ እኮ እኔን ይሰማኛል። ያንተ ብረት ግን አይሰማም።»

እውነታቸውን ነው። ክራር የሚመታ ሰው መጀመሪያ ዘፋኙን ያዳምጣል፣ ከዚያ ክሩን ወደ ዘፋኙ ያመጣዋል። የቤዝ ጊታር ጠባይ ሌላ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ቤዝ «ፕሪሲዥን» የተባለው፣ አንገቱ ላይ ፍሬት ስላለው እያንዳንዱ ድምፅ ያለ ግምት በትክክል ስለሚገኝበት ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ድምፁ የተወሰነ ስለሆነ ሰዉ ወደ መሣሪያው እንዲሄድ ያስገድዳል።

«ቤዙን ሳትነካ ከዲ ለምን አትጫወትም?» የሚለኝ ይኖራል። ይቻላል። በኤ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ዲ አለ። ያ ዲ ግን ከምንፈልገው አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ነው። ጨፋሪው በደረቱ የሚሰማው ወፍራም ድምፅ ይጠፋና ዘፈኑ ይቀልላል። የቤዝን ክብደት ማወቅ የሚፈልግ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ የተጫወተባቸውን የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ሥራዎች ያድምጥ። እዚያ ቤዙ ቢወጣ ቤቱ ምሰሶ እንደሌለው ይሆናል። ኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ተጭነው ዝቅ ይላል። ቤዙ ግን በእጅ መውረድ አለበት።

ክሩ ሲላላ ምን ይሆናል?

የተለመደው የቤዝ ቅኝት ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ነው። በሰከንድ የሚርገበገቡት 41.2፣ 55፣ 73.4 እና 98 ጊዜ ነው። ሁሉንም በአንድ ሙሉ ድምፅ ስናወርዳቸው ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ ይሆናሉ፤ ቁጥራቸውም ወደ 36.7፣ 49፣ 65.4 እና 87.3 ይወርዳል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የክር ውጥረት የሚለወጠው በርግብግቢቱ ቁጥር ልክ ሳይሆን ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ስለዚህ ያንኑ ክር በግማሽ ድምፅ ብናወርደው ከውጥረቱ 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በአንድ ሙሉ ድምፅ ብናወርደው 21 በመቶ፣ ከኢ እስከ ሲ ብናወርደው 37 በመቶ፣ እስከ ቢ ብናወርደው ደግሞ 44 በመቶ ይቀንሳል። አራቱ ክሮች አንድ ላይ አንገቱን ከ70 እስከ 80 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይስቡታል። አንድ ጎልማሳ ሰው ተንጠልጥሎበታል እንደማለት ነው። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛው ሲነሳለት አንገቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

አንገቱ ውስጥ የክሩን ስበት የሚመክት ብረት ተቀብሯል፤ ትራስ ሮድ ይባላል። ክሩ ወደ ፊት ይስባል፣ ብረቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ክሩ ሲላላ ብረቱ ያሸንፋል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጥና ክሮቹ ወደ ፍሬቱ ይጠጋሉ። የላላ ክር ደግሞ ሲመታ ሰፊ ቦታ ይዞ ነው የሚወዛወዘው። ቦታው ጠበበ፣ ውዝዋዜው ሰፋ፤ ዝዝ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ በገናን ማስታወስ ጥሩ ነው። በገና አስር አውታር ያለው፣ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚቃኝ መሣሪያ ነው። ዝዝታው ግን እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ እንዲያውም ሆን ተብሎ በበርኩማውና በአውታሩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ እየገባ ይሠራል። ቆዳው በትክክለኛው ቦታ ላይ ካልሆነ የበገናው ዝዝታ ይጠፋል። ከዚህ የምንማረው፣ ዝዝታ ክሩ ከምን ጋር ምን ያህል እንደሚነካካ የሚወሰን ነገር መሆኑን ነው። በገና ደርዳሪው ፈልጎ ያመጣዋል፤ ቤዝ ተጫዋቹ ፈልጎ ያጠፋዋል። ሁለቱም የሚሠሩት በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው፦ ምን ያህል እንውረድ?

ሦስት አማራጭ አለ።

ሀ. ወፍራሙን ክር ብቻ ከኢ ወደ ዲ ማውረድ። ወጪ የለውም፤ በሁለት ዘፈን መካከል እንኳ ይደረጋል። ችግሩ በዚያ ክር ላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ሁለት ፍሬት ስለሚገፋ እጅ የለመደው መንገድ ይፈርሳል።

ለ. አራቱንም በአንድ ሙሉ ድምፅ ማውረድ። እጅ የለመደውን አይለቅም፤ ድምፁ ብቻ ይወርዳል።

ሐ. እስከ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ መውረድ። ለዚህ የባለ አምስት ክር ቤዝ ክሮች ተገዝተው ቀጭኑ ይተዋል። በተለመደው ክር መሞከር ግን ላስቲክ እንደ መምታት ነው።

እኛ የመረጥነው ለን ነው። ምክንያቱ ከባቲ ጋር የተያያዘ ነው። ባቲ ማይነር ከዲ ሲነሳ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ነው። አሁን አዲሱን ቅኝት ተመልከቱ፦ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ። አራቱም ባዶ ክሮች ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው! ከኢ ስንጫወትም እንዲሁ ነበር፤ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ብለን ስንቆጥር የድሮዎቹ አራት ባዶ ክሮች በሙሉ ይገኙበታል። ስለዚህ ቤዙ የባቲን ጠባይ ሳይለቅ እንዳለ አንድ ደረጃ ወረደ ማለት ነው። ባቲ ሜጀር ከሆነ ግን ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ ስለሚል ከባዶዎቹ የሚያገለግሉት ዲና ጂ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ክሮች በግራ እጅ ማፈን ይገባል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

የሚያስፈልጉት ብዙ አይደሉም። ለአንገቱ ብረት የሚሆን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ፣ ቀጭን ሞረድ፣ እርሳስና ስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ ይበቃሉ። ጊታር ጠጋኝ በቅርብ በማይገኝበት ከተማ ይህን ማወቅ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

1. ክር መምረጥ። የተለመዱት ክሮች ውፍረት በኢንች 0.045፣ 0.065፣ 0.085 እና 0.105 ነው። በአንድ ሙሉ ድምፅ ስንወርድ ውጥረቱ እንዳለ እንዲቆይ ከፈለግን ወፍራሙ ክር ወደ 0.118 መጠጋት አለበት። እንዲህ ያለ ካልተገኘ ከ0.050 እስከ 0.110 ያለው ስብስብ ጥሩ ማካካሻ ነው፤ የ21 በመቶውን ቅናሽ ወደ 13 በመቶ ገደማ ያመጣዋል። ክሩን ስንቀይር ሁሉንም በአንዴ አውልቆ አንገቱን ባዶ ከመተው አንድ በአንድ መቀየር ይመረጣል።

2. ነቱን ማየት። ነት የሚባለው በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉባት ባለ ቦይ ቁራጭ ናት። ወፍራም ክር በጠባብ ቦይ ውስጥ በትክክል አይቀመጥም። ቦዩን በሞረድ ማስፋት ይቻላል፤ ግን በስፋት እንጂ በጥልቀት አይደለም። ከጠለቀ ባዶው ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ዝዝ ይላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ አዲስ ነት ነው። ከዚያ ቦዩን በእርሳስ መቀባት ነው። የእርሳሱ ዱቄት ክሩ ሳይያዝ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

3. ወደ አዲሱ ቅኝት መቃኘት። ክሩን ከሚፈለገው በታች አውርዶ እንደገና ወደ ላይ እየሳቡ ማድረስ ይሻላል፤ ቁልፉ ላይ ላላ ብሎ እንዳይቀር። የስልክ መቃኛ ዝቅተኛውን ዲ ካልያዘላችሁ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነካ አድርጋችሁ ምቱት። አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ንጹህ ድምፅ ይወጣል፤ መቃኛው ያንን በቀላሉ ያነበዋል። ከዚያ መሣሪያውን ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ማሳረፍ ነው።

4. አንገቱን ማስተካከል። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መታየት አለበት። አንድ ጠንከር ያለ ቢዝነስ ካርድ ሳይጨናነቅ የሚያልፍበት ያህል ነው። ክፍተት ከሌለ ብረቱን በቁልፉ ወደ ግራ ማላላት፤ ከበዛ ወደ ቀኝ ማጥበቅ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም። ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ እንደገና ተቃኝቶ ይለካል። እምቢ ያለን ብረት በጉልበት ማዞር አንገት መስበር ነው። የተሰበረ አንገት ደግሞ እንደ ክር አይቀየርም።

5. የክር ከፍታ። ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ መቀመጫ አለው። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ስንለካ ለቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለወፍራሙ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለዝቅተኛ ቅኝት ይስማማል። እጁ ከባድ የሆነ ተጫዋች ትንሽ ከፍ ያድርገው፤ ወይም እጁን ያቅልል።

6. የክር ርዝመት። ባዶው ክር ተቃኝቶ እያለ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት ትክክል ላይሆን ይችላል። ከቅኝቱ ከፍ ካለ መቀመጫውን ከአንገቱ ማራቅ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ማቅረብ ነው። ወፍራምና የላላ ክር ሲጫኑት ከፍ ማለት ስለሚወድ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ማራቅ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ባዶው ክር ላይ ከክራሩ ጋር ይስማማል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይጣላል።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ እያንዳንዱ እርምጃ ቀጥሎ ያለውን ስለሚለውጥ ነው። ከፍታ አስተካክሎ ወደ አንገት የተመለሰ ሰው ከፍታውን እንደገና ይሠራል።

ዝዝታው ከየት እንደሚመጣ መለየት

ባዶው ክር ብቻ ዝዝ ካለ ነቱን ተመልከቱ። ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል። ከ12ኛው በላይ ከሆነ የብሪጁ መቀመጫ ዝቅ ብሏል። በአንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ያ ፍሬት ከጓደኞቹ ከፍ ብሏል ወይም ቀድሞ ያለው ተበልቷል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ጋዜጠኛ «ማን፣ የት፣ መቼ» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ እዚህም «የት» የሚለው ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው።

የአገሩ አየርና የድምፅ ማጉያው

ደሴና ከሚሴ ከ1000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አላቸው። ደሴ ብርድ ላይ የተቃኘ ቤዝ ከሚሴ ሙቀት ላይ ሲደርስ ክሩ ይለጠጥና ቅኝቱ ይወርዳል። የላላ ክር ደግሞ ይህ ይበረታበታል። ስለዚህ የመጨረሻው መቃኘት የሚደረገው ሰርጉ ድንኳን ውስጥ፣ መሣሪያው አየሩን ከለመደ በኋላ ነው። ከፀሐይ ላይ አንስቶ ወዲያው መቃኘት ትርፉ ድካም ነው።

ሌላው ድምፅ ማጉያው ነው። ለሰርግ የሚከራዩት ትንንሽ ስፒከሮች በሰከንድ 36.7 ጊዜ የሚርገበገበውን ዲ በሚገባ አያወጡትም። ጆሮ ድምፁን የሚለየው ከእሱ በላይ ባሉት ተከታዮቹ፣ በ73 እና በ110 አካባቢ በሚመጡት ነው። ስለዚህ ቤዙ አልሰማ ሲል ቤዝ የሚለውን ቁልፍ እስከ ጥግ ማዞር ስፒከሩን ማንገላታት ብቻ ነው። የመሃሉን ድምፅ ጨመር ማድረግ ይሻላል። በስልክ ድምፅ ለምትቀርጹ የክፍል ጓደኞቼም ይኸው ይሠራል፤ ስልካችሁ ወፍራሙን ድምፅ ካልያዘ ቤዝ ተጫዋቹ አልተጫወተም ማለት አይደለም።

ውጤቱስ?

ሥራው በጠቅላላ አንድ ከሰዓት በኋላና የማግስቱን ጠዋት ወሰደ። ልምምድ ላይ ክራር መቺው ወደ ዲ መጣ፣ ኪቦርዱም በአንድ ቁልፍ ወረደ። እትዬ ባቲያቸውን ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ለአጃቢ ሳይሰጡ ዘፈኑት። ድምፃቸው ወደ ወጣትነቱ ተመለሰ አልልም፤ አልተመለሰም። የተገኘው ሌላ ነው። ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ቃላቸው ጎልቶ ተሰማ፤ ቀድሞ በጩኸት የሚያልፉትን ስንኝ አሁን እየጎተቱ ይሉታል። ዘፈኖቻቸውን ከዝርዝሩ የማውጣቱ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። የጎደለም አለ። ፈጣን ዘፈን ላይ የወረደው ክር እንደ ድሮው ቶሎ አይመልስም፤ ለእነዚያ ዘፈኖች እጄን ወደ ብሪጁ አስጠግቼ እመታለሁ። ዝቅ ያለ ቅኝት ለሁሉም ዘፈን መድኃኒት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተዘረዘረው ቤዝን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ክር፣ ነት፣ አንገት፣ ከፍታና ርዝመት በቅደም ተከተል የሚታዩበት ሥራ ነው። በሩብ ዙርና በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሠራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው። ሙዚቃ ለማይጫወት የክፍል ጓደኛዬም አንድ ነገር ይተዋል ብዬ አምናለሁ። እኛም መሣሪያ ይዘን ሰው ፊት እንቀርባለን፤ መቅረጫ፣ የተዘጋጀ ጥያቄ፣ የሦስት ደቂቃ ልክ። ተናጋሪው በመሣሪያችን ልክ አልናገር ሲል «ድምፁ አይወጣም» ብለን ቆርጠን እንጥለዋለን። ከዚያ በፊት መሣሪያው ወደ ሰውዬው መውረድ ይችል እንደሆነ ማየት ይገባል። ብዙ ጊዜ ይችላል፤ የሚጠይቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ነው።

ባንድ ያላችሁ፣ ቤዝ ያላችሁ፣ ከላይ ያለውን ሞክሩትና ያያችሁትን ጻፉልን። ቸር ያገናኘን።